የጠረፍ ሚሲዮን በአንኮበር፥ ከ1831 እስከ 1834 ዓ. ም.

የዓለምን ታሪክ ስንማር «የጠረፍ ሚሲዮን» የሚባል ነገር እናገኛለን። የእስፓኝ መንግሥት በአሜሪካ ምድር ላይ ግዛቱን ባስፋፋ ጊዜ፥ ወታደር ብቻውን ሊይዘው በማይችለው ሩቅ ዳርቻ ሁሉ መነኮሳትን ያሰፍር ነበር። መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያን ይሠራሉ፥ የአገሩን ተወላጆች በዙሪያዋ ይሰበስባሉ፥ እርሻና የእጅ ሥራ ያስተምራሉ፥ ያጠምቃሉ። በካሊፎርኒያ ብቻ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1823 ድረስ ሃያ አንድ ሚሲዮኖች ከሳን ዲየጎ ጀምሮ ወደ ሰሜን ተሠርተዋል። ነገር ግን በየአቅራቢያቸው የወታደር ምሽግ ነበረ። ተወላጁ አንድ ጊዜ ከተጠመቀ በኋላ ወደ ዘመዶቹ መንደር እንደ ልቡ መመለስ አይፈቀድለትም፤ ቢኮበልል ወታደር ይከተለዋል፥ ሲመለስም ይገረፋል። የሳን ዲየጎ ሰዎች በ1775 ተነሥተው ሚሲዮኑን ያቃጠሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጦር ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው ግን ከባሕር ማዶ የመጣው በሽታ ነው።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ፥ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ሆኖ ያውቃልን ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ሩቅ አልነበረም። ከመንዝ ወደ ደቡብ፥ በሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በአንኮበር፥ አንድ የጠረፍ ሚሲዮን ለሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። ታሪኩ ከእስፓኞቹ ታሪክ ጋር የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም ነገር አለው። የሚለይበት ይበልጣል፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እናገራለሁ። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጌአቸዋለሁ፤ የውጭ አገሩን ነገር ሳነሣ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር እላለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ እስፓኞች አንድ ነገር መጨመር ይገባል፤ ወደ ኢትዮጵያም መጥተው ነበርና። እንድሬያስ ደ ኦቪየዶ የሚባለው የኢየሱሳውያን ጳጳስ በ1549 ዓ. ም. በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ገብቶ፥ በኋላ በአድዋ አጠገብ በፍሬሞና ተቀምጦ እዚያው ሞተ። ፍሬሞና የሚለው ስም ከፍሬምናጦስ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የመጣ ነው። ከእርሱም በኋላ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓኝ ተወላጅ፥ በየመን ለብዙ ዓመት ታስሮ ከተለቀቀ በኋላ፥ በ1595 ዓ. ም. እንደ አርመን ለብሶ በምጽዋ በኩል ገባ። ፓኤዝ ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው ነበረ፤ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፥ በ1610 ዓ. ም. የዓባይን ምንጭ አየ፥ ዐፄ ሱስንዮስንም በወዳጅነት ማረካቸው። እርሱ በ1614 ዓ. ም. ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ግን ፖርቱጋላዊና ችኩል ነበር፤ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደገና እንዲካኑ፥ በዓላቱም እንዲለወጡ አዘዘ። ከዚያም የመጣውን እልቂት ሁላችን እናውቃለን። በ1624 ዓ. ም. ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ዐፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን መጀመሪያ ወደ ፍሬሞና፥ ቀጥሎም ከአገር አስወጡ። ከዚህ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል፥ የውጭ አገር ቄስ መጣ በተባለ ቁጥር የአገራችን ካህናት የሚያስቡት ይህንኑ ደም ነበር። በአንኮበር የሆነውን የሚያነብ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

አሁን ወደ ሸዋ እንመለስ። የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዝ የተነሣ ነው። ነጋሢ ክርስቶስ ከተባሉት የመንዝ ባላባት ጀምሮ ልጅ ከአባት እየተቀበለ፥ ከማማ፥ ከላሎና ከጌራ ምድር ወርደው ወደ ተጉለትና ወደ ይፋት ወደ ደቡብም ገፉ። ጎንደር በመሳፍንት ስትናጥ ሸዋ በገደሎቿና በወንዞቿ ተከልላ ለብቻዋ ቆመች። ሣህለ ሥላሴ በ1805 ዓ. ም. አባታቸው ወሰን ሰገድ በተገደሉ ጊዜ ገና ወጣት ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ብዙ አገር ያስተዳድሩ ነበር። ልጃቸው ከነገሡ በኋላም ሥልጣናቸው አልተነካም፤ ወደ መንዝ የሚያልፍ እንግዳ ሁሉ በደጃቸው ሳያልፍ አይሄድም ነበር።

ንጉሡ ሁለት ትልልቅ መቀመጫዎች ነበሯቸው። አንዱ አንኮበር ነው፤ ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱ የአዋሽ ቆላና የአፋር በረሃ ይታያል፥ ከእግሩም ሥር የአልዩ አምባ ገበያ አለ፤ ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ጨውና ሸቀጡን እዚያ ያራግፋል። ሁለተኛው አንጎለላ ነው። አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ወደ ምዕራብ በሜዳው ላይ የተቆረቆረች የጠረፍ ከተማ ነበረች፤ ከእርሷ ባሻገር ንጉሡ በየዓመቱ የሚዘምቱበት የኦሮሞ አገር ይጀምራል። እንግዲህ ጠረፍ የምለው ይህን ነው። የጠረፉ ባለቤት የእስፓኝ ንጉሥ ወይም የእንግሊዝ ንግሥት አልነበሩም፤ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1810 በጀርመን አገር በቱቢንገን አጠገብ ተወለደ። በባዝል ሚሲዮን ተምሮ፥ በሎንዶን የተቋቋመው የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ ላከው። መጀመሪያ የገባው በትግሬ ነበር፤ በአድዋም ካርል ኢዘንበርግ የተባለው ያገሩ ሰው ቀድሞ ይኖር ነበር። ሆኖም ደጃዝማች ውቤ በ1830 ዓ. ም. ሁሉንም አስወጧቸው። ክራፕፍና ኢዘንበርግ ተስፋ አልቆረጡም። በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1831 ዓ. ም. በክረምቱ መግቢያ ላይ ሸዋ ደረሱ፥ በአንጎለላም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፊት ቀረቡ። ክራፕፍ ያን ጊዜ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበረ።

ንጉሡ በደኅና ተቀበሏቸው፤ በአንኮበር ቤት ሰጧቸው፥ ቀለብም ተቆረጠላቸው። ነገር ግን የሁለቱ ወገን ሐሳብ ከመጀመሪያው ቀን የተለያየ ነበር። ሚሲዮናውያኑ ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆችን ሊያስተምሩና መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ሊያስፋፉ ይሻሉ። ንጉሡ ደግሞ የሃይማኖት መምህር አላጡም፤ የሚፈልጉት ሐኪም፥ ግንበኛ፥ አንጥረኛና ጠመንጃ ሠሪ ነው። ይህንንም ሳይሸሽጉ እንደ ነገሯቸው ክራፕፍ ራሱ ጽፎታል። ልጆች ይሰጡናል ብለው ተስፋ ቢያደርጉም ነገሩ እየተጓተተ ቀረ። ኢዘንበርግ በ1832 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፤ ሎንዶንም ከገባ በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አሳተመ። ክራፕፍ ብቻውን በአንኮበር ቀረ።

ብቻውን ሳለ ምን ይሠራ ነበር? ጥቂት ልጆች በቤቱ ያስተምራል፤ በሽተኛ ሲመጣ በሚያውቀው መድኃኒት ይረዳል፤ መጻሕፍት ያድላል። ያድላቸው የነበሩት የአማርኛ መጻሕፍት በአንድ ኢትዮጵያዊ የተተረጐሙ መሆናቸውን መናገር ደስ ይለኛል። አባ አብርሃም፥ ወይም በግብፅ እንደ ተጠሩት አቡ ሩሚ፥ ካይሮ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱ፤ የሎንዶን የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበርም ያንን ጽሑፍ ገዝቶ ወንጌሎቹን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1824፥ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፥ ሙሉውን በ1840 አሳተመ። ስለዚህ ክራፕፍ ከባሕር ማዶ ተሸክሞ ያመጣው መጽሐፍ የእኛው ሰው ሥራ ነበረ። ሰዉ ግን አብልጦ የሚጠይቀው የግዕዝ ዳዊት ነበር። ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። በዚያን ጊዜ አማርኛ የቤትና የገበያ ቋንቋ እንጂ የጸሎት ቋንቋ አልነበረም፤ ዳዊት የደገመ ልጅ የተማረ ይባላል፥ አማርኛ ያነበበ ግን ምን አተረፈ?

ከካህናቱም ጋር በየጊዜው ይከራከር ነበር። ክርክሩ ስለ ጾም፥ ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፥ ስለ መጻሕፍትም ሥልጣን ነው። ክራፕፍ በቃል ኪዳን መጽሐፍ ብቻ ይከራከራል፤ ካህናቱ ደግሞ አባቶች ከጻፉት ሁሉ ይጠቅሳሉ። በዚያን ዘመን ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው በልደት ነገር በሁለትና በሦስት ተከፍለው ሲከራከሩ ነበር፤ ነገሩም የተዘጋው በ1870 ዓ. ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። እንግዲህ በራሱ ቤት ያልተቋጨ ክርክር ያለው ሊቅ፥ ከውጭ መጥቶ «ሁላችሁም ተሳስታችኋል» የሚለውን ወጣት ቄስ እንዴት ይሰማዋል? በእኔ አስተያየት ክራፕፍ ካህናቱን ባለማወቅ ብቻ መክሰሱ ትክክል አልነበረም። መጽሐፋቸውን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው የእርሱን ጥያቄ ጥያቄ አድርጎ መቀበል ብቻ ነው።

የክራፕፍ ልብ ግን በአንኮበር ካህናት ላይ አላረፈም። በጥርና በየካቲት 1832 ዓ. ም. ንጉሡ ወደ ኦሮሞ አገር ሲዘምቱ ክራፕፍ አብሮ ሄደ። ሰፊውን ለምለም አገር፥ ብዛት ያለውንም ሕዝብ አየ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአፍሪካ መካከል በር ይህ ሕዝብ ነው የሚል ሐሳብ አደረበት። ሕዝቡንም በዚያ ዘመን ሌሎች በሚጠሩበት፥ ሕዝቡ ግን ራሱን በማይጠራበት ስም እየጠራ ብዙ ጻፈ። ቋንቋውን ከኦሮሞ ተወላጆች ተማረ፤ ሰዋስውን በ1840፥ የቃላት መጽሐፉንም በ1842 በአውሮፓ አቆጣጠር ሎንዶን ላይ በላቲን ፊደል አሳተመ፤ ከወንጌልም ክፍል ተረጐመ። ይህ ለኦሮምኛ ከታተሙት መጻሕፍት መካከል ከመጀመሪያዎቹ የሚቈጠር ነው።

እዚህ ላይ ከካሊፎርኒያው ጋር ማስተያየት እወዳለሁ። በእስፓኝ ጠረፍ መነኩሴው ከፊት፥ ወታደሩ ከኋላው ይቆማል፤ ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ሰዎች ናቸው። በሸዋ ጠረፍ ግን ቄሱ ከአገሩ ንጉሥ ሠራዊት ኋላ በበቅሎ የሚከተል እንግዳ ነው። መንደሩ ሲቃጠል፥ ከብቱ ሲነዳ ያያል፤ ሊያዝዝም ሊከለክልም አይችልም። በዚያም ጊዜ ወንጌል ሊሰብክለት የሚመኘው ሕዝብ የሚያየው ከዘማቾቹ ጋር ነው። ታዲያ ያ ሕዝብ ስለ እርሱ ምን ያስባል? እስፓኞቹ ሕዝቡን በግድ ሰብስበው በበሽታና በጅራፍ ጨረሱት፤ ክራፕፍ ማንንም አልገረፈም፥ ማንንም አላስገደደም፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ዘመቻ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር።

ክራፕፍ ሌላም ጥላ ፈልጓል፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተቱ ይህ ነው። ሚሲዮኑ እንዲጸና የእንግሊዝ መንግሥት ወዳጅነት ያስፈልጋል ብሎ አመነ፤ ንጉሡም በሕንድ ላሉት እንግሊዞች እንዲጽፉ መከረ። ንጉሡ ጠመንጃ ስለሚሹ ምክሩ ተስማማቸው። በዚሁ ምክንያት ካፒቴን ሐሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከቦምባይ ተነሥቶ በ1833 ዓ. ም. ክረምት ብዙ ሰዎችና ብዙ ገጸ በረከት፥ መድፍና ጠመንጃም ጭምር ይዞ ሸዋ ገባ። በ1834 ዓ. ም. በኅዳር ወር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። በዚህ ሁሉ መካከል ክራፕፍ አስተርጓሚና አማካሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሣዊም ወደ ሸዋ ይመላለስ ስለ ነበር፥ እንግሊዝና ፈረንሣይ በአንኮበር ደጅ ይፎካከሩ ጀመር። ቄሱ የመጽሐፍ ሰው መሆኑ ቀርቶ የእንግሊዝ ሰው ሆኖ ታየ። ሕዝብ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ዓይኑ ፈጣን ነው።

ሣህለ ሥላሴን በዚህ ነገር የሚወቅሱ አሉ፤ መድፉን ተቀብለው ትምህርቱን ገፉ ይሏቸዋል። እኔ ግን አልወቅሳቸውም። በሰሜን የየጁና የወሎ መሳፍንት፥ በምሥራቅ የአዳል አገር፥ በደቡብና በምዕራብ ዘመቻ ያለባቸው ንጉሥ፥ ከእንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥበብና መሣሪያ መሆኑ የማይቀር ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። ጠመንጃ የሚሠራ እጅ የሚገኘው ከትምህርት ቤት መሆኑን በዚያን ጊዜ የሚነግራቸው ሰው አለማግኘታቸው ነው። ክራፕፍ ትምህርት ሲል ሃይማኖት ማለቱ ነበር፤ ንጉሡ ጥበብ ሲሉ ዕቃ ማለታቸው ነበር። ሁለቱ በመካከል ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ በአንኮበር ላይ በዚያን ዘመን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት በተከፈተ ነበር።

ክራፕፍ በመጋቢት ወር 1834 ዓ. ም. አንኮበርን ለቀቀ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አዲስ የተሾሙት አቡነ ሰላማ ጎንደር ገብተዋል ተብሎ ተሰምቶ ነበር፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው በካይሮ በዚሁ ማኅበር ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ነበሩ ክራፕፍ ትልቅ ተስፋ ጣለባቸው። ከዚያም ወደ ምጽዋ ወርዶ፥ ግብፅ ደርሶ ሊያገባና አዳዲስ ሚሲዮናውያንን ይዞ ሊመለስ አሰበ። ለዚህ ሁሉ የታጁራን በረሃ ትቶ በደጋው በኩል፥ በእኛው አገር መንገድ መጣ።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃል። ከአንኮበር ተነሥቶ ሰላ ድንጋይ ደረሰ፤ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅም በደኅና ተቀበሉት። ከዚያ ሞፈር ውሃን ተሻግሮ መንዝ ይገባል። በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ነው፤ በእግር ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ አምባ ላይ ቆሞ ከወዲያ ማዶ ያለውን ቤት ጢስ የሚያይ መንገደኛ፥ «ለምሳ እደርሳለሁ» ካለ የሚደርሰው ለራት ነው፤ ገደሉን እስከ ወንዙ ወርዶ እንደገና መውጣት አለበትና። በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፥ በሰሜን ቀጭኔ ወንዝ መንዝን እንደ ግንብ አጥር ይከብቧታል፤ ከወንጪት ማዶ መርሐ ቤቴ አለች፥ ከቀጭኔ ማዶ ግሼ። የሸዋን ነገሥታት ለመቶ ሃምሳ ዓመት የጠበቃቸው ከሠራዊቱ ይልቅ ይህ ገደል ነው ብል የተጋነነ አይሆንም። በጓሳ የሚነፍሰውን ብርድ፥ ከበግ ጠጕር የተሠራውንም ባና የምናውቅ ሁሉ፥ ከአፋር ቆላ መጥቶ ለነበረው ሰው ይህ አገር ሌላ ዓለም እንደ መሰለው መገመት እንችላለን። ክራፕፍ የቀን ማስታወሻውን በመንገድ ላይ ሁሉ ይጽፍ ስለ ነበረ፥ በመንዝና በግሼ በኩል ስላለፈው መንገድ በአውሮፓ ቋንቋ ከታተሙት ጽሑፎች መካከል የእርሱ ከቀደሙት አንዱ ነው።

ግሼን አልፎ ወሎ ሲገባ የሸዋ ንጉሥ ጥበቃ አበቃ። አዳራ ቢሌ የተባለው የለገ ጎራ ባላባት መጀመሪያ በወዳጅነት ተቀብሎ አስተናግዶ አሰናበተው። ክራፕፍ ግን ወደ ፊት ጥቂት እንደ ሄደ በመንገዱ ሽፍታና ጦርነት መኖሩን ሰምቶ ወደ አዳራ ቢሌ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ባላባቱ አሰረው፥ ገንዘቡንና ዕቃውን በሙሉ ወሰደበት፥ ከጥቂት ቀን በኋላም ባዶውን ለቀቀው። ጎንደር መሄዱ ቀረ፤ አቡነ ሰላማንም ያን ጊዜ አላገኛቸውም። በሐይቅ አጠገብ አልፎ፥ እየለመነ፥ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ደጅ እያደረ፥ ትግሬን አቋርጦ ምጽዋ ገባ። የቀን ማስታወሻው ግን ስለ ተረፈ፥ ከኢዘንበርግ ማስታወሻ ጋር ተጣምሮ በሚቀጥለው ዓመት ሎንዶን ታተመ።

ስለ አዳራ ቢሌ ክፉ የተጻፈውን ያህል፥ በዚያ መንገድ ላይ ለተገፈፈ መንገደኛ እንጀራ ስለ ቈረሱት ሰዎች አልተጻፈም። ከወሎ እስከ ምጽዋ ያለውን አገር ገንዘብ የሌለው የውጭ አገር ሰው በሕይወት የተሻገረው በእነርሱ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም «የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲባል ደጁን አይዘጋም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተምር የነበረው ሰው በሁለት ወር ጉዞ ውስጥ ከእነርሱ የተማረው ይበልጥ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ክራፕፍ ግብፅ ደርሶ ሮዚና ዲትሪክ የተባለችውን የባዝል ልጅ አገባ፤ በ1835 ዓ. ም. መጀመሪያም ከሚስቱና ከባልንጀሮቹ ጋር ታጁራ መጣ። ከሸዋ የመጣው መልስ ግን እንዳይገቡ የሚል ነበር። ካህናቱ አስቀድሞም አልወደዱትም፤ ንጉሡም የእንግሊዞቹ ነገር እንዳሰቡት አልሆነላቸውም፤ ሐሪስም በዚያው ዓመት አገሩን ለቆ ወጣ። በአንኮበር የነበረው ሚሲዮን በዚህ ተዘጋ። ክራፕፍ እንደገና በትግሬ ሊሞክር ሄደ። በምጽዋና በደጋው መካከል በሳሆ በረሃ ሲጓዙ ሚስቱ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ወዲያው ሞተች። አባትዋ ያወጣላት ስም አማርኛ ነው፤ እንባ ብሎ ሰየማት። ጀርመናዊ አባት፥ ጀርመንኛ ከምትናገር እናት ለተወለደች ልጅ፥ ከአስወጣው አገር ቋንቋ ስም መምረጡ ሰውየው በዚህ አገር ላይ የነበረውን ልብ ከብዙ ስብከቱ ይልቅ ያሳየኛል።

በትግሬም አልቀናው። ወደ ሞምባሳ ወረደ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 በሐምሌ ወር ሚስቱና ሁለተኛ ልጁ እዚያ ሞቱበት። ከዮሐንስ ሬብማን ጋር በራባይ ሚሲዮን መሠረተ፤ ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፥ እርሱም በ1849 የኬንያን ተራራ ከሩቅ አዩ። ስዋሂሊን አጥንቶ መዝገበ ቃላት ጻፈ። ወደ ኢትዮጵያም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ነበር። በሸዋ ደግሞ በ1860 ዓ. ም. ካቶሊካዊው አባ ማስያስ ከምኒልክ ዘንድ በልቼ ተገኝተው የሚሲዮኑን ሥራ እንደገና ጀመሩ፤ እርሳቸውም በ1871 ዓ. ም. በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ወጡ። ምኒልክ የተወለዱት ክራፕፍ ከሸዋ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1836 ዓ. ም. በዚያችው በአንጎለላ ነበር።

እንግዲህ የአንኮበር ሚሲዮን ምን ተረፈው? የተጠመቀ መንደር፥ የቆመ ቤተ ክርስቲያን፥ የተከፈተ ትምህርት ቤት አልተረፈውም። ሰዎች «ከንቱ ሆነ» ይላሉ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ለክራፕፍ አድልቼ እንዳልጽፍ ተጠንቅቄአለሁ፤ የሚሲዮን ልጅ ሁሉ የፈረንጅ ልጅ ነው የሚል ቃል በየመንደሩ የሚሰማ መሆኑንም አውቃለሁ። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ ይኸው ታሪክ ነው። በካሊፎርኒያ ሕዝቡ አልቀበልም ለማለት ኃይል አልነበረውም። በሸዋ ግን ንጉሡም ካህናቱም ሕዝቡም መርጠው ተቀበሉ፥ መርጠውም መለሱ፤ ዳዊቱን ወሰዱ፥ ክርክሩን መለሱ፤ መድኃኒቱን ወሰዱ፥ ጥምቀቱን መለሱ። መምረጥ የቻለ ሰው የሚማረው የራሱ ይሆናል።

ክራፕፍ ከእኛም ወስዷል። በሸዋ ሳለ የሰበሰባቸውን የብራና መጻሕፍት ወደ አውሮፓ ላከ፤ ብዙዎቹ ቱቢንገን ገቡ። እዚያም ኤቫልድ የተባለው ሊቅ መረመራቸው፤ ተማሪው አውግስጦስ ዲልማንም ግዕዝን ከዚያ ጀምሮ አጥንቶ በ1857 የግዕዝን ሰዋስው፥ በ1865 ትልቁን መዝገበ ቃላት አወጣ። ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ግዕዝ የሚማር ሰው ሁሉ የዲልማንን መጽሐፍ ያገላብጣል። አንድ የሸዋ ጸሐፊ በብርድ ሌሊት በመቅረዝ ብርሃን የጻፈው ብራና ለዚህ ደረሰ። መጽሐፉ በአገሩ ቢቀር ይሻል ነበር የሚል ሰው አለ፤ ክርክሩም ፍትሐዊ ነው። ቢያንስ ግን ፎቶግራፋቸው ተመልሶ በሸዋ ተማሪዎች እጅ እንዲገባ መጠየቅ ለእኛ ትውልድ የሚገባ ነገር ነው።

የኦሮምኛውም ወንጌል ነገር በክራፕፍ አልተፈጸመም። የፈጸሙት ኦሮሞው ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው በምጽዋ ነፃ ወጡ፥ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩ፤ ከአስቴር ገኖ ጋር እየሠሩ፥ ሐዲስ ኪዳንን በ1893፥ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በ1899 በአውሮፓ አቆጣጠር በገዛ ቋንቋቸው አሳተሙ። ክራፕፍ የጻፈው በላቲን ፊደል ነበር፤ ኦኔሲሞስ ያሳተሙት በግዕዝ ፊደል ነው።